ባለቤቴ «ጠባቂ» ይለዋል፣ ልጄ «ሳካ» ይለዋል

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ከኮንዶሚኒየም ወጥተን ሰሚት አካባቢ ግቢ ያለው ቤት ከተከራየን ስምንት ወራችን ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌባ ሁለት ጊዜ አጥር ዘሎ ገባብን። መጀመሪያ የተሰጣ ልብስ ሰበሰበ፤ በሁለተኛው የውኃ ቆጣሪውን ነቅሎ ሄደ። ባለቤቴ ‹መፍትሔው ውሻ ነው› ብሏል። ሱሉልታ ያለ ጓደኛው ጀርመን ሼፐርድ ወልዳለታለች። ቡችሎቹ አምስት ሳምንታቸው ነው። ‹በዚህ እሑድ ኑና አንድ ወንድ ውሰዱ፣ በነፃ› ብሎናል። የ9 ዓመቱ ልጄ ከአሁኑ በአርሴናሉ ኳስ ተጫዋች ስም ‹ሳካ› ብሎታል። ባለቤቴ ግን ‹ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይለቀቃል፣ ትርፍራፊ ይበላል፣ በቃ› ይላል። እንዲያውም ትንሽ ሲራብ ነው ኃይለኛ የሚሆነው ባይ ነው። አማቴም አብረውን ነው የሚኖሩት። ‹ውሻ ቤት ከገባ ንጽሕናም ጸሎትም የለም፤ እኔ እወጣለሁ› ብለዋል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ውሻ ስለነከሰኝ እፈራለሁ። የልጄን ደስታ ግን ማጥፋት አልፈልግም። ውሻ ማሳደግ በትክክል ምን ይጠይቃል? እንውሰደው ወይስ ይቅርብን?

ልቧ ሁለት የሆነባት እናት፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ በዚህ እሑድ አትሂዱ።

ይቅርባችሁ ማለቴ አይደለም። ቡችላው ገና ነው። አምስት ሳምንት ማለት ጥርስ ያበቀለ ጡት ጠቢ ማለት ነው። ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው። ነገሩ የወተት ብቻ አይደለም። ቡችሎች ሲጫወቱ ይነካከሳሉ። አንዱ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮኽና ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። እናቱን ሲነክሳት ደግሞ ትቆጣዋለች። የንክሻን ልክ የሚማረው እዚያ ነው። ያንን ሳይጨርስ የወጣ ቡችላ ትምህርቱን የሚጨርሰው በልጅሽ እጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ለሱሉልታው ሰውዬ ደውሉና «ሦስት ሳምንት አቆይልን» በሉት። እምቢ ካለ ወይም ካጣደፋችሁ፣ ውሾቹን እንዴት እንደያዛቸው ጠርጥሩ። ስትሄዱም መጀመሪያ እናቲቱን እዩዋት። እንግዳ ስታይ ጥግ ትይዛለች? ጥርሷን ታወጣለች? ወይስ ጮኻ ጮኻ ጌታዋ ሲያናግራት ትረጋጋለች? ሦስተኛዋ ዓይነት ከሆነች ጥሩ ነው።

እነዚህ ሦስት ሳምንታት ግን ለቡችላው ብቻ አይደሉም። ለባለቤትሽም ናቸው።

ባለቤትሽ ሌባ ያስመረረው ሰው ነው፤ አልፈርድበትም። ግን «ታስሮ ይዋል፣ ተርቦ ይደር፣ ኃይለኛ ይሆናል» የሚለውን ሐሳብ በደንብ አውቀዋለሁ። የአባቴ ሐሳብ ነበር።

ጉለሌ ስናድግ መቻል የሚባል ውሻ ነበረን። ከማገዶ ቤቱ ምሰሶ ጋር፣ ሁለት ሜትር በማይሞላ ሰንሰለት ታስሮ ይውላል። አንገቱ ዙሪያ ጸጉሩ ተመልጦ ነበር። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ክብ ሆኖ ተላጭቷል፤ ሣር አይበቅልበትም። ያንን ክብ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መቻል ሁሉም ላይ ይጮኻል። ነፋስ ላይ ሳይቀር። መጨረሻ ላይ ማናችንም ጩኸቱን መስማት ተውን። ሌባ የገባ ሌሊትም ጮኸ፤ ማንም አልተነሣም። ከዚያ አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የነከሰው ሌባ አይደለም። ኳሱን ሊያነሣ የገባ የጎረቤት ልጅ ነው። ልጁ የእብድ ውሻ መርፌ ይሰጥበት ወደነበረው ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመላልሶ ሆዱ ዙሪያ ተወጋ። ያኔ መርፌው ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ነበር። አባቴና የልጁ አባት ከዚያ በኋላ ለዓመታት አልተነጋገሩም። መቻል የት እንደደረሰ ለእኛ ለልጆች የነገረን የለም።

የታሰረ ውሻ መሸሽ አይችልም። መሸሽ የማይችል እንስሳ የፈራውን ሁሉ በጥርሱ ነው የሚቀበለው። ሌባውንም፣ ፖስተኛውንም፣ ልጅሽንም። ይህ ጥበቃ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። የሚጠብቅ ውሻ ቤተኛውን ከባዕድ መለየት አለበት። ለመለየት ደግሞ ሰው ማየት፣ ሰው ማሽተት፣ ከቤተሰቡ ጋር መዋል አለበት።

ረሃቡስ? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ነው ተረቱ። በተራበበት ይጮኻል አይልም። የተራበ ውሻ ሌባ ቁራጭ ሥጋ ሲወረውርለት ጅራቱን እየቆላ ነው የሚቀበለው። ሥጋው ላይ መርዝ ካለበት ደግሞ ጠዋት ሬሳውን ነው የምታገኙት። በሰዓቱ የሚበላ፣ ከእናንተ እጅ ብቻ መብላት የለመደ ውሻ ይህን የመቋቋም ዕድሉ የተሻለ ነው።

ባለቤትሽ ገንዘቡን ሰንሰለት ላይ ከሚያጠፋ፣ አናጺ ይጥራና ቤት ያሠራለት። ትልቅ ነገር አይደለም። ውሻው ገብቶ የሚቆምበትና የሚዞርበት ያህል ከሆነ ይበቃል። ወለሉ በብሎኬት ከመሬት ከፍ ይበል፤ የሐምሌን ጎርፍ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮው ብቻውን ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያበርዳል፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም ኮምፔርሳቶ ይግባበት። በሩ ነፋስ ወደማይመጣበት አቅጣጫ ይዙር። እንግዳ ሲመጣ የሚገባበት በሽቦ የታጠረ ሰፋ ያለ ቦታም ያስፈልገዋል። ከዚያ ውጭ ግቢው የእሱ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ተፈትቶ ይሂድበት። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ይኑረው። ውኃ ሲጠፋ ለእሱም ጄሪካን ይቀመጥለት።

ጀርመን ደግሞ የሰነፍ ሰው ውሻ አይደለም። ዝርያው በፈረንጆች 1899 የተመዘገበ የበግ እረኛ ነው። ቀኑን ሙሉ በግ ሲያግድ እንዲውል ነው የተመረጠው። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ እንስሳ ሰሚት ግቢ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ራሱ ሥራ ይፈጥራል፤ አበባሽን ይቆፍራል፣ ጫማሽን ይበላል፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ይገለብጣል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንኳን፣ በማሰሪያ ይዞት የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ በብርዱ። ያ ሰው ማን ነው? ልጅሽ «እኔ» እንደሚልሽ አውቃለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ 35 ኪሎ ውሻ መንገድ ላይ አይዝም። ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር ልጁን አንጠልጥሎት ነው የሚሄደው። ስለዚህ መልሱ ወይ አንቺ ነሽ ወይ ባለቤትሽ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ለቤት ጥበቃ ብቻ ከሆነ እኔ የሀበሻ ውሻ እመርጣለሁ። ሰዎች ስሙን ሲሰሙ አፍንጫቸውን ይነፋሉ። አገሩን ለምዷል፣ ብዙ አይበላም፣ ኮሽታ አያልፈውም። መንገድ ላይ የተጣለ የሀበሻ ቡችላ ወስዶ በደንብ ያሳደገ ሰው በጀርመን ባለቤት አይቀናም አልልም፤ ግን እንቅልፉን በሰላም ይተኛል። የጀርመን ፋሽን ብዙ ውሾችን ጎድቷል። ቡችላ ሳለ ፎቶ ይነሳል፤ ሲያድግ አበላሉ ሲታይ ደጅ ይጣላል። ልጅሽ ግን ልቡን ሰጥቶታል። ስለዚህ ሳካን እንያዝ።

ወደ ምግቡ ልሂድ፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ነው።

«ትርፍራፊ ይበላል» ቀላል ይመስላል። ትርፍራፊያችን ምንድን ነው? ወጥ ነው። የሀበሻ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራሉ። አንድ ቀን የቀመሰ ላይሞት ይችላል። በየቀኑ ሽሮና ቀይ ወጥ ፍትፍት የሚበላ ውሻ ግን ደሙ እያነሰ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፤ ሰው «ሰነፈ» ይለዋል። በርበሬውና ጨውም አይጠቅሙትም። ቸኮላት መርዙ ነው፤ ወይንና ዘቢብም ኩላሊቱን ይጎዳሉ። በተለይ ዘቢቡን አማትሽ ይወቁት፣ ከተነጠፈበት እንዳያነሣ።

ያልተቀመመ ሩዝ ወይም የገብስ ገንፎ፣ ከተቀቀለ ሥጋና ካሮት ጋር፣ ጨውም ሽንኩርትም ሳይነካው ለብቻው ይሠራለት። እንቁላል ጥሩ ነው። ሥጋ ቤቶች ለውሻ የሚሆን ቁርጥራጭ በርካሽ ይሸጣሉ፤ ደንበኛ ያዢ። አቅም ካለ የታሸገ ደረቅ የውሻ ምግብ መቀላቀል ይቻላል። ቡችላ ሳለ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይበላል። ከስድስት ወር በኋላ ጠዋትና ማታ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ውሻ አይጾምም። ሳቅሽ አይደል? እኔ ግን በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ እንጀራና ሽሮ ብቻ ሲበላ የከረመ ውሻ አይቻለሁ። ባለቤቶቹ ደጎች ነበሩ። ቤት ውስጥ ሥጋ ስለማይገባ ለእሱ መግዛት ትዝ አላላቸውም። ከአማትሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት። የውሻው ድስት የተለየ ይሁን፤ ከተቻለም ውጭ፣ ከሰል ላይ ይቀቀል። የጾም ድስት እንዳይነካካ የሚፈሩ እናት በዚህ ይስማማሉ ብዬ አስባለሁ።

ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። የፋሲካ ለት የዶሮ አጥንት የማይጥልለት የለም። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ መርፌ ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ከዚህ የባሰው ግን የበጉ ሳንባና ጉበት ነው። በግ ሲታረድ አንዳንዴ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይገኛል። «ይሄማ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻው ይወረወራል። እብጠቱ ውስጥ ያለው የአንድ ትል እጭ ነው። ጥሬውን የበላው ውሻ አንጀት ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል። ውሻው አይታመምም፤ ደህና ይመስላል። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ጸጉሩ ላይም ይቀራል። ልጅሽ ደባብሶት እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ሲበላ እንቁላሉ ወደ እሱ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ያው የበጉ እብጠት በሰው ጉበት ላይ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። ስለዚህ እብጠት ያለበት ሳንባና ጉበት ወይ ይቃጠላል ወይ ውሻ ሊቆፍረው በማይችለው ጥልቀት ይቀበራል። ደህና የሚመስለውም ቢሆን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይቀቀል አይሰጥም። ይህን ለባለቤትሽ ብቻ ሳይሆን በጉን ለሚያርደው ሰውም ንገሪው፤ የሚወረውረው እሱ ነው።

የትል መድኃኒት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ቡችላ ሳለ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሲያድግ ቢያንስ በየሦስት ወሩ፣ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ። ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይነሣ። በፌስታል እጅሽን ሸፍነሽ ታነሺዋለሽ፤ ትለምጂዋለሽ። ቁንጫና መዥገርም ሐኪሙ ያየዋል። የሰው መድኃኒት ግን እንዳትሰጪው፤ ለእኛ ተራ የሆነ የሕመም ማስታገሻ ውሻ ሊገድል ይችላል።

ክትባቱን አሁን ጠይቁ። ስትወስዱት ስምንት ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያ ክትባቱን ያኔ ይወስድና እስከ አራት ወሩ ድረስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገምለታል። ፓርቮ የሚባል በሽታ አለ፤ ቡችላን በትውከትና በደም ተቅማጥ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ ሌሎች ውሾች በሚውሉበት መንገድ ላይ አታውርዱት። አቅፋችሁ አውጡት እንጂ። መኪና ይስማ፣ ጃንጥላ ይይ፣ ነጠላ የለበሱ አሮጊት፣ ቆብ ያደረገ ዘበኛ፣ የሚሮጥ ልጅ ይይ። እስከ ሦስት ወሩ ያየውን ነገር ሲያድግ አይፈራውም። ያላየውን ይፈራል፤ የፈራውን ደግሞ ምን እንደሚያደርገው ከመቻል አይተናል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ።

በልጅነትሽ ተነክሰሻል። የምትፈሪው በከንቱ አይደለም፤ ማንም «ምን ያስፈራል» ቢልሽ አትስሚው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል ብሎ ይገምታል። ከ10 ሟቾች 4ቱ ልጆች ናቸው። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። የኛም አገር የዚህ ሸክም አለባት። ግን እኮ በሽታውን የሚያቆም መርፌ አለ፤ ለውሻውም፣ ከተነከሱ ወዲያው ከሄዱ ለሰውም። ሳካ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ ሐኪሙ በሚለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይደገማል። ወረቀቱን እንደ ልጅሽ የክትባት ካርድ አስቀምጪው። የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ፤ በዘመቻ የሚከተብበት ጊዜ አለ።

ልጅሽ አንድ ቀን ቢነከስ፣ በሳካም ይሁን በሌላ፣ ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢው። ሰዓት ይዘሽ። በጥድፊያ ሲሆን 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ አታሳጥሪው። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል ምናምን አትነስንሺበት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ጠበልም ከሆነ በኋላ ይደረስበታል፤ መርፌው አያድርም። ውሻው አይገደል። ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው ከነበረ በእነዚህ ቀናት ውስጥ መታመሙ ወይም መሞቱ አይቀርም። 10 ቀን ደህና ከቆየ እሰየው። ልጁ ግን ሕክምናውን ለመጀመር 10 ቀን አይጠብቅም። ከሁሉ በላይ ልጅሽን «ብትነከስ አልቆጣህም» በይው። ልጆች የሚሞቱት አንዳንዴ ዱላ ፈርተው ጭረቷን ስለሚደብቁ ነው።

ሲበላ እንዳይነካው፣ ሲተኛ እንዳይቀሰቅሰው፣ ጆሮውን እንዳይጎትት አስተምሪው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ሁለቱን ብቻቸውን አትተያቸው። ልጅሽ ምግቡን በሳህን የሚያቀርበው እሱ ይሁን፣ ከጎኑ ትልቅ ሰው ቆሞ። «ተቀመጥ» ሲለው ተቀምጦ ይጠብቅ። በዱላ አይደለም፤ ሲቀመጥለት ቁራጭ ሥጋ በመስጠት። ያን ጊዜ አንቺም ከሩቅ እያየሽ ትለምጂዋለሽ። ማቀፍ የለብሽም። ውሻን ሳይወዱ በደንብ የሚይዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከሚወዱትና ከሚረሱት ይሻላሉ።

ክትባቱ ለቤታችሁ ብቻ አይምሰልሽ። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌሉት፣ ከመንደር ውሻ በሚዛመት በዚሁ በሽታ ብዙ ጊዜ አልቀዋል። በፈረንጆች 1991፣ 2003፣ 2008፣ 2014 ላይ ወረርሽኝ ገብቶባቸዋል። ዛሬ በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹ ከ500 ያነሱ ናቸው። እነሱን ለማዳን አንዱ መንገድ የገበሬውን ውሻ መከተብ ሆኗል። ልጅሽ ይህን ቢሰማ ደስ ይለዋል፤ ንገሪው።

ከበራችሁ ውጭ ያለውን ነገር ባጭሩ። «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ታፔላ ብዙ ሰው ይለጥፋል፤ ውሻ የሌለውም ይለጥፋል። መለጠፉ አይከፋም። ግን ነፃ አያወጣችሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን። ማለትም «አምልጦኝ ነው» መልስ አይሆንም። ስለዚህ ከቤቱም ከአናጺውም በፊት አጥሩና የበሩ መቀርቀሪያ ይታይ። ጎረቤቶቻችሁንም ቀድማችሁ አናግሩ። ቡና ጠርታችሁ «ውሻ ልናመጣ ነው፣ ሌሊት ካስቸገራችሁ ንገሩን» በሉ። ይህን ያልተባለ ጎረቤት በሦስተኛው ሌሊት ደንብ ማስከበር ይጠራል።

አማትሽን እንዳትጋፊያቸው። ስለ ንጽሕናና ስለ ጸሎት ቤታቸው የሚሉት የኖረ እምነት ነው፤ የሚያምኑትም እሳቸው ብቻ አይደሉም። ጃንሆይ ሉሉ የምትባል ትንሽዬ ውሻ በቤተ መንግሥት ውስጥ ነበረቻቸው ብለሽ ብትከራከሪ «እሳቸው ንጉሥ ናቸው» ይሉሻል፣ ነገሩም ያበቃል። ይልቅ «ቤት አይገባም፣ ምንጣፍ አይረግጥም፣ ሳህኑ ለብቻ ነው» ብለሽ ቃል ግቢላቸው። ቃሉንም ጠብቂ። ለሳካ ውጭ መኖር ችግር የለውም፤ ችግሩ ብቻውን መኖር ነው። እናንተ ማታ በረንዳ ላይ ከተቀመጣችሁ፣ እሱ ደረጃው ሥር ከተኛ፣ በቂው ነው። ከወራት በኋላ አማትሽ ማንም ሳያያቸው ቁራሽ ሲጥሉለት ብታገኚያቸው አታጋልጫቸው። ቁራሹ ላይ ወጥ እንዳይኖር ብቻ።

ማኮላሸቱንም እሳቸው ይቃወሙ ይሆናል፤ ባለቤትሽ ደግሞ ይባስ። ወንዶች ይህ ጉዳይ ሲነሣ ፊታቸው ይለዋወጣል። ግን ሰንጋ ምንድን ነው? የተኮላሸ በሬ ነው። ሙክትስ? ስናርደው «ተፈጥሮን ነካን» ያለ የለም። ወንድ ውሻ ሳይኮላሽ ሲቀር ሴት በሸተተው ቁጥር አጥር ይዘላል፣ መንገድ ላይ ይደባደባል፣ መኪና ይገጨዋል። ከየአጥሩ ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ተጥለው የምናያቸው ቡችሎች አባት ማን ይመስልሻል? ትልቅ ዝርያ ስለሆነ ዓመት እስኪያልፈው ቆይቶ ሐኪሙ ጊዜውን ይወስናል። ጥበቃውን አይተውም፤ መጮኹንም አያቆምም።

ወጪውን ጠይቀሻል እንደማለት ነው፤ «በነፃ» ብለሽ ጽፈሻልና። ነፃው ቡችላው ብቻ ነው። በወር የሚገባውን ሥጋና ሩዝ፣ የዓመቱን ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ ድንገተኛ ሕክምና፣ ቤቱን፣ ለበዓል አገር ቤት ስትሄዱ የሚያበላውን ሰው ደምሩና አንድ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ በየወሩና በየዓመቱ የሚደጋገመውን ለ12 ዓመት አባዙት። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሳካ አፉ ሸብቶ፣ ዳሌው ታሞ፣ እዚያው ግቢሽ ውስጥ ነው። ልጅሽ ይሄዳል። የቀረው ውሻ የአንቺ ነው።

ደግሞ ተከራዮች ናችሁ። አከራያችሁ ይፍቀድ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል። «ውጡ» የተባላችሁ ቀንስ? ሰፈር ሲፈርስ ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሄዶ፣ ውሻው ፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብሎ በሩ የነበረበትን ሲጠብቅ አይቻለሁ። ሦስት ቀን እዚያው ነበር። አራተኛው ቀን ላይ አልነበረም። ኮንዶሚኒየም ተመልሳችሁ ልትገቡ የምትችሉ ከሆነ ቆም ብላችሁ አስቡ።

እንግዲህ ሦስት ሳምንት አላችሁ። በሦስተኛው እሑድ ቤቱ ከተሠራ፣ አጥሩ ከታየ፣ አከራዩ እሺ ካለ፣ ሐኪም ከተገኘ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ማን እንደሚነሣ ከታወቀ፣ ሱሉልታ ሂዱ። እንዲያውም ባለቤትሽ ከአሁኑ 12 ሰዓት እየተነሣ ሰፈሩን ይዙር፣ ያለ ውሻ። ሳምንት ከዘለቀ ይችላል። ካልሆነ ግን ገንዘቡን አጥሩን ከፍ ማድረጊያና የደጅ መብራት ላይ አውሉት። መብራት አይራብም። ልጅሽ ያለቅስ ይሆናል። ውሻው ከመጣ በኋላ ከሚያለቅሰው ያነሰ ነው።

ስሙን በተመለከተ፦ «ሳካ» ጥሩ ነው። አጭር ነው፣ ከሩቅ ቢጠሩት ይሰማል፣ «ና» እና «ቁጭ በል» ከሚሉት ጋር አይምታታም። ባለቤትሽ የማንቼ ደጋፊ ከሆነ ግን በዚያ እኔ አልገባም፤ እዚያው ተስማሙ።